ሰማንያ ዲግሪ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ጫልቱ ከነቀምቴ ደወለች።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ጋዜጠኛ? አንድ ቁጥር ፈልጌ ነው። ያ ዚንክ የበዛበት ዱቄታችን ስንት ዲግሪ ላይ ነበር የደረቀው? ደብተሩ ሰማንያ ይላል።»

ጫልቱ ዛሬ የኬሚስትሪ መምህር ናት። ያኔ እዚያው ነቀምቴ የመመረቂያ ሥራችንን አብረን የምንሠራ ተማሪዎች ነበርን። የብረት ጨው ከጥቂት የዚንክ ጨው ጋር በውኃ አሟሙተን አሞኒያ ስናንጠባጥብበት፣ ዓይን የማይለየው ደቃቅ ጥቁር ቅንጣት ይወርዳል። ከተበላሸ ሬዲዮ የፈታነውን ማግኔት ከብርጭቆው ሥር ስናስጠጋ ጥቁሩ ሁሉ ታች ይሰበሰባል፤ ውኃውን ደፍተን እንደገና እናጥባለን። የአሞኒያው ሽታ ከልብሳችን አይለቅም ነበር። ማወቅ የፈለግነው ዚንኩ ሲጨምር ማግኔትነቱ ምን እንደሚሆን ነው።

ክረምት ነበር። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ማድረቂያው አይሠራም። የመጨረሻው ናሙና ደግሞ በማግስቱ በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ የማግኔት መለኪያው ወዳለበት መሄድ አለበት። ጫልቱ እናቷን ልትጠይቅ ሲሬ ሄዳለች። እኔ ከሰል አቀጣጥዬ እሸት በቆሎ ጠብሼ በላሁ። መጠበቅ ስለሰለቸኝ ናሙናውን በሳህን አድርጌ እዚያው ፍም ላይ ጣድኩትና ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጥቁሩ ዱቄት እንደ መንገዱ አፈር ቀልቷል። ማግኔቱን አስጠጋሁ፤ ሙቀቱ በዝቶበት ንቅንቅ አላለም።

አመሻሽ ላይ ጫልቱ ስትመለስ ዱቄቱን የጨመርኩበትን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው።

«ምነው ቀላ? መብራት መጣ እንዴ?»

«መጥቶ ሄደ።»

«ስንት ላይ አደረቅኸው?»

«ሰማንያ።»

«እንግዲያው ዚንኩ ነው» ብላ ደብተሩ ላይ ጻፈች። ዚንክ ሲበዛ ማግኔትነት ይጠፋል ብለን ተመረቅን። ከዚያ ወዲህ በዘገባ ሥራ ስንቱን ሰው «ማን አየ? ማን ለካ?» እያልኩ ሳደክም ኖርኩ። የራሴን አንድ ቁጥር ግን ሳላነሳው አረጀሁ።

«ቁጥሩን ለምን ፈለግሽው?» አልኳት በስልኩ።

«ተማሪዬ ልትደግመው አቅቷት ነው። አራት ጊዜ ሠራችው፤ አራቱንም ማግኔት ይስበዋል። አስተጣጠብሽ ልክ አይደለም እያልኩ ሳስለቅሳት ከረምኩ።»

«ጫልቱ፣ ሰማንያ አልነበረም። በቆሎ የጠበስኩበት ፍም ላይ ነው የጣድኩት። አልለካሁትም።»

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቀጥሎ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ»፣ ነይ ልጄ፣ ብላ ተማሪዋን ስትጠራ ሰማሁ። ስልኩ የተዘጋው ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ነው።