የቀለለችው መኪና

ትናንት የልጅ ልጄ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነና፣ "አባባ፣ የመኪናዬን ዘንግ በካርቦን ላስቀይረው ነው፤ ከብረቱ በጣም ይቀልላል" አለኝ። ከካምቢዮ ተነስቶ የኋላ ጎማውን የሚያሽከረክረውን ረጅሙን ዘንግ ማለቱ ነው። እኔ ይህን የመቅለል ወሬ ድሮ ጠግቤዋለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ከነቀምቴ ጊዳ አያና የምትመላለስ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። እኔ በከተማው ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። የመኪናዋ ዘንግ ድሮ ሲሰበር የፊተኛው ባለቤት ለአንጥረኛ ሰጥቶ በድፍን ብረት አስተክቶታል። ያኔ በእኛ አገር ብረት ከከበደ ጠነከረ ነው፤ ማን ይከራከራል? ድፍኑ ዘንግ ግን መኪናዋ ፈጠን ባለች ቁጥር ይወዛወዛል። ወለሉ፣ መሪው፣ የነጂው ጥርስ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ታደሰ ከጊዳ አያና ሲመለስ እጁ ደንዝዞ ጉርሻ መጠቅለል ያቅተው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናታችን የአንጮቴ ሥር ቀቅላ በቅቤ ለውሳ ብታቀርብለት ከጣቱ እያመለጠ አስቸገረው። ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ "በቃኝ! ይቺን መኪና ካልሸጥኳት ትገድለኛለች" አለ። ብትሸጥ ደግሞ ቤታችን የሚተዳደርበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

እኔም ዘንጉ ቢቀልል መንቀጥቀጡ ይቀራል ብዬ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ከተጋጨ መኪና የተፈታ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ፈልጌ አመጣሁ። አውቶቡስ ላይ አቧራ ስቅም ውዬ ነቀምቴ ስገባ ጋራዡ በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁብኝ። አንዱማ "ምነው፣ ቤትህ ውሃ ልታስገባ ነው እንዴ? ይሄ እኮ ቧንቧ ነው!" አለኝ። ይሳቁ! ድፍኑን ለሁለት እያቃሰትን ነበር ያወረድነው፤ ይሄኛውን በአንድ እጄ አነሳሁት።

ጥቅምት ነበር፤ የኑግ አበባ ሜዳውን ቢጫ አልብሶታል። ዘንጉን ገጥሜ አብረን ወጣን። ወደ አንገር ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ መሪው ግን አይንቀጠቀጥም፣ ጋሼ ታደሰም ለቀቅ አድርጎ ያዘው። ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ "ስማ እስቲ፣ የወንዙ ድምፅ እኮ ይሰማል" አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሲመላለስ ሰምቶት አያውቅም። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ምን ዋጋ አለው። ደስታውን መቻል አቅቶት ጊዳ አያና ላገኘው ሰው ሁሉ "መኪናዬ ቀለለች!" አለ። ወሬው ገበያውን አዳረሰው። በሚቀጥለው ገበያ ቀን እኔም አብሬው ብሄድ፣ በቆሎዋን ዘወትር እኛ ላይ የምትጭነው ነጋዴ፣ አዴ ጫልቱ፣ ከወትሮው የበዛ ጆንያ ደርድራ ጠበቀችንና ትለምነው ጀመር።

"ማሎ ኦቦ ታደሰ፣ ማሎ! መኪናዋ ቀለለች አላልክም? ከባዱን ብረት ካወጣህ በሱ ቦታ የእኔ በቆሎ ቢገባ ምን ትሆናለህ?"

ሌላውም ይህንኑ ሂሳብ ይዞ መጣ። ሁሉም ያችኑ አንድ ብረት እየቀነሰ የራሱን ጆንያ ይጨምራል። ጋሼን በክርኔ ጎሸም ባደርገው፣ "አበልጆቼ፣ ጎረቤቶቼ ናቸው። እምቢ ብዬ ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለኝ።

ከአንገር ሽቅብ ስንወጣ ዘንጉ ተጠማዘዘ። ጭነቱ ላይ የተሳፈረው ሰው ወርዶ ከበበን። አዴ ጫልቱ ከንፈሯን መጠጠችና "ድሮስ ቀላል ብረት ምን ዕድሜ አለው!" አለች። እግዜር ያሳያችሁ!

ጋሼ ታደሰ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጆቹን አየ። ከዚያ "ድፍኑን መልሰህ ግጠምልኝ" አለ።

"ኧረ ጋሼ፣ ሌላ ክፍት ዘንግ አመጣለሁ። ጭነቱ ብቻ ነው እኮ..."

"ተወኝ፣ ወንድሜ። በድፍኑ ስትንቀጠቀጥ ያዩአታል፣ ይፈራሉ። አይጨምሩብኝም።"

እያንገሸገሸኝ ገጠምኩለት። መንዳት ካቆመ በኋላም እንኳ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚጠጣው፤ ያውም እየፈሰሰበት። ያንን እጅ ባየሁ ቁጥር ብረቱን ረግሜ አላውቅም፤ የምናደደው በሰው ነበር።

"አባባ፣ ምን ይላሉ ታዲያ? ላስቀይረው?" አለኝ የልጅ ልጄ።

"አስቀይረው" አልኩት። "ግን መኪናዬ ቀለለች ብለህ ለማንም እንዳትናገር።"

ከት ብሎ ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት።