የፍሉቱን ዜማ ለቱባ

መካነ ሰላም ከተማ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሙዚቃ ሳስተምር ሰባት ሰዎች ያሉት የማርሽ ባንድ ነበረን፤ ሦስት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦን፣ አንድ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ፣ ቱባ የሚባል ግዙፍ መሣሪያ። ሥራችን ሰርግና ምርቃት ማድመቅ ነበር። አንድ ጠዋት ስልኬ ላይ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ሰማሁና ልቤ ሸፈተ። ባንዱን ሰብስቤ አሰማኋቸው፤ ለትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል እንደምንጫወተውም ነገርኳቸው።

ከጅዳ ተመልሳ ትራምፔት የተማረችው ጎበዟ ተጫዋቻችን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። "ቫዮሊን አይተነፍስም፤ እኛ ግን ወላሂ እንተነፍሳለን" አለች።

እውነቷን ነው። የቫዮሊኑን ረጅም ዜማ ለሁለት ትራምፔት ከፈልኩት፤ አንዷ ስትተነፍስ ሌላው ይቀበላታል። የትልቁን ባለ ክር መሣሪያ፣ የቼሎውን ድምፅ ለትሮምቦን ሰጠሁ። የዋሽንት መሰሉ የፍሉት ዜማ ብቻ ቀረ፤ እንደ ወፍ የሚዘል፣ ለማንም የማይሆን።

ቱባ ነፊያችን በጦር ሠራዊት ባንድ አርጅተው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። "ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዱም ዱም ስል ኖርኩ። እስቲ እሱን ለኔ ስጠኝ" አሉኝ።

"ለአንቱ ይከብዳል እኮ።"

"ከባድ ተሸክሜ ነው የኖርኩት" አሉ፣ ቱባቸውን እየደባበሱ።

በመጀመሪያው ልምምድ ጉድ ፈላ። የትራምፔት ኖታ ከሌሎቹ መሣሪያዎች አንድ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንደሚጻፍ እያወቅሁ፣ በደስታ ሰክሬ ረስቼው ነበር። ትራምፔቱ ከትሮምቦኑ ጋር አልገጥም ብሎ የወጣው ድምፅ የበሬ ገበያ ነው። ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ስላላባራ የነፊዎቹ ከንፈር መሣሪያው ላይ አልቀመጥ አለ፤ ልምምዱን በትነን ወጣን። ኖታውን እንደገና ጻፍኩ።

በመዝጊያው ቀን ከወግዲ ድረስ የመጡ ወላጆች ሜዳውን ሞሉት። ማርሽ ጠብቀው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ትራምፔቶቹ በቀስታ ሲገቡ ግራ ገብቷቸው ተዉት። ከዚያ ቱባው የፍሉቱን ዜማ ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ እያንዳንዷን ዝላይ ሳይሳሳቱ ዘለሏት። የሳቀውም አንገቱን አስግጎ ያይ ጀመር። የመጨረሻዋን ድምፅ ከጻፍኩላቸው በላይ ሲያስረዝሟት፣ ትራምፔተኛዋ ደንግጣ በጎን አየቻቸው።

ሙዚቃው ሲያልቅ ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እልል አሉ፤ ሜዳው ተከተላቸው። "ድገሙት" ተባልን፤ ደገምን። በሦስተኛው ዙር ማን እንደጀመረው እስከዛሬ አልታወቀም፤ ሙዚቃው በሙሉ ወደ ማርሽ ተቀየረ። ሕዝቡ ተነሥቶ እስክስታ ወረደ። እኔም ባንድ መምራቱን ትቼ አብሬ አጨበጨብኩ።