የሦስተኛ ክፍል ጠያቂ

የእኔንና የእሱን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ እሱ ሦስተኛ። እኔ ስለ ዕፅዋት ሥር ሳወራ የእሱ የክፍልፋይ ትምህርት በስንጥቁ ሾልኮ ይመጣል፣ ተማሪዎቼም የእኔን ትተው የእሱን ያዳምጣሉ። ስለዚህ ሰው የማወራው እንግዲህ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ሳልፈልግ ዓመታት ሙሉ ራሴ ሰምቼዋለሁ።

እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ተማሪውም፣ ወላጁም፣ ዘበኛውም፣ እኛ ባልደረቦቹም የምንጠራው "ጋሽ ገባችሁ" እያልን ነው። ስሙን ያወጣችለት የገዛ ምላሱ ናት። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ዞር ይልና "ገባችሁ?" ይላል። ክፍሉ ባንድ አፍ "አዎ" ይላል። ያጠፋል፣ ሌላ ይጽፋል። "ገባችሁ?" "አዎ።" ልጆቹ አዎ የሚሉት ገብቷቸው እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ልጆቹማ ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ። ግን አዎ ካሉ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ተግባብተው የሚኖሩ ባልና ሚስት አላየሁም።

ስለ ባልና ሚስት ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ ለባለቤቱ አዲሱ የበር ቁልፍ እንዴት እንደሚዞር ሲያስረዳት ደረስኩ። ወደ ግራ፣ ከዚያ ትንሽ ሳብ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። "ገባሽ?" አላት። ሽንኩርቷን እየከተፈች "አዎ" አለችው። ልሄድ ስል በሩን የከፈተችልኝ በትከሻዋ ገፍታ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጡረታ ሲወጡ ነው። ጋሽ ገባችሁ ያቺን ወንበር የተመኛት ዛሬ አይደለም። ጉልበቱ ቆሞ መዋል አልችል ብሎታል፣ የጠመኔው ብናኝ ደረቱን ይዞታል። ፊደል ያስቆጠራቸው ልጆች አድገው፣ አለቃ ሆነው ተሹመው፣ እሱኑ መልሰው አዘውታል። የምክትሉ ቢሮ የድሮ የኳስ ማስቀመጫ ነው፤ ግን በር አለው፣ ውስጡም ሰው አረፍ የሚልበት ወንበር አለ። ባለቤቱ ገና ወሬውን እንደሰማች ለወንበሩ ትራስ ሰፋችለት፣ ለጎረቤትም አወራች። ርዕሰ መምህሩ አስጠርተውት "ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ስታስተምር ያዩሃል፤ ካማረላቸው ቦታው ያንተ ነው። ገባህ?" አሉት። እሱም "አዎ" አለ።

ጉድ የፈላው በዚሁ ሰሞን ነው። ሦስተኛ ክፍል አዲስ ልጅ ገባች። አባቷ ሹፌር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ባዛወረው ቁጥር ቤተሰቡም ዕቃውን ጭኖ ይከተለዋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት እንደ ጫማ ስትቀያይር ያደገች ስለሆነች፣ ማፈር የሚባለውን ነገር አንዱ ጋ ጥላው መጥታለች። በመጣች ማግስት ጋሽ ገባችሁ "ገባችሁ?" ሲል ክፍሉ እንደ ልማዱ "አዎ" አለ። ከአዎው በኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ለብቻዋ ቀረች።

"እኔ አልገባኝም።"

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጠመኔዬን አቆምኩ።

"ምን አልሽ?"

"አልገባኝም ቲቸር። አራት ከሦስት ይበልጣል አይደል? ታዲያ አንድ አራተኛ ለምን ከአንድ ሦስተኛ ያንሳል?"

"ሕጉ ነዋ። ታህቱ ሲበዛ ክፍልፋዩ ያንሳል። ገባሽ?"

"አልገባኝም።"

ክፉ ሰው አይደለምና ደግሞ አስረዳት። ደግማ አልገባኝም አለችው። በማግስቱ በሌላ ጥያቄ መጣች፣ ከዚያም በሌላ። በየሳምንቱ የሚፈረምበት የትምህርት ዕቅድ ወደ ኋላ ይጎተት ጀመር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዞ አጠገቤ ሲቀመጥ ፊቱ ጠቁሯል።

"ይቺ ልጅ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ጉዴን ልታፈላው ነው" አለኝ።

"ደከም ያለች ናት እንዴ?"

"ምን ደከም፣ ድንጋይ ናት እንጂ።"

"ቀስ ብለህ አስረዳታ ጋሼ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?"

"እኔ መቼ ቸኮልኩ እህቴ፣ ዕቅዱ ነው የቸኮለው።"

ሱፐርቫይዘሩ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ገባችሁ ጠዋት ልጅቷን ለብቻዋ ጠራትና ባልዲ ሰጣት። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ያሉትን አበባዎች እንድታጠጣ፣ አጠጥታም እስኪደወል እዚያው ሆና እንድትጠብቃቸው አዘዛት። "ይሄ ለማንም የማይሰጥ ኃላፊነት ነው። ገባሽ?" አላት። ልጅቷ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ "አዎ" አለችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ወዳጇ የሆነ ያህል ራሷን ዳበሳት።

የእኔን ክፍል ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሰጥተው እኔን በታዛቢነት ከኋላ አስቀመጡኝ። ሱፐርቫይዘሩ ግዙፍ ሰው ናቸው። የልጆች ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ፣ ማስታወሻቸውንም እዚያው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ትምህርቱ እንደ ቅባት ተንሸራተተ። "ገባችሁ?" "አዎ።" "ገባችሁ?" "አዎ።" ሱፐርቫይዘሩ በእያንዳንዷ አዎ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንድ ነገር ይጽፋሉ። የጋሽ ገባችሁ ፊት ሲበራ ታየኝና እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ትራሷ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ በዓይኔ አየኋት።

መጨረሻ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ከዴስኩ ተላቀው ቆሙ። "በጣም ጥሩ። እሺ ልጆች፣ ጥያቄ ያለው?"

ዝም።

"አይዟችሁ፣ መጠየቅ መብት ነው።"

በመጨረሻ ስለ ክፍሉ መልስ መስጠት የለመደው የክፍል አለቃ እጁን አጣምሮ ተነሳ።

"የለንም። ጠያቂያችን አበባ እያጠጣች ነው።"

"ማናት ጠያቂያችሁ?"

"አዲሷ ልጅ ናት። እኛ ያልገባንን በዕረፍት ሰዓት ለእሷ እንነግራታለን፣ እሷ ትጠይቅልናለች።"

ጋሽ ገባችሁን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ድንጋይ ናት ያላትን ልጅ ከነባልዲዋ አስጠሯት። ጫማዋ በጭቃ ርሷል።

"የማይገባሽ አንቺ ነሽ?" አሏት ሱፐርቫይዘሩ።

"እኔማ ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን አልገባኝም ትያለሽ?"

"እነሱ ያፍራሉ። እኔ አላፍርም።"

"እስኪ ከገባሽ ንገሪኛ። አንድ አራተኛ ለምን ያንሳል?"

ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። "እኛ ቤት ሦስት ነን። ማታ አንድ ዳቦ ለሦስት እንካፈላለን። አጎቴ የመጣ ቀን አራት እንሆናለን፣ ዳቦው ግን ያው አንድ ነው። አጎቴ ሲመጣ የእኔ ቁራሽ ያንሳል።"

ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ድምፅ አዎ አልነበረም። አንዱ ከመስኮቱ በኩል፣ አንዱ ከበሩ ሥር፣ ሌላው ቆይቶ፣ እየተንጠባጠበ የመጣ "አሃ" ነበር። ጋሽ ገባችሁ ጠመኔውን እንደያዘ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔም ብሆን ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ያን ድምፅ ከተማሪዎቼ አፍ አንድም ቀን አውጥቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ወንበሯ ቀረች ብዬ ነበር። አልቀረችም። ሱፐርቫይዘሩ አልተቆጡም፤ ይባስ ብለው የጠያቂውን አሠራር ወደዱት። ብዙም ሳይቆይ መመሪያ መጣ፣ ርዕሰ መምህሩም ሰብስበው አነበቡልን። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጠያቂ ተማሪ ይኖረዋል። ጠያቂው በኮሚቴ ይመረጣል፣ ክንዱ ላይ ጥብጣብ ያስራል፣ የሚጠይቀውንም ጥያቄ ከአንድ ቀን በፊት አቅርቦ ያስጸድቃል። ጠያቂ የሚሆነው በጸጥተኛነቱ የተመሰገነና በትምህርት ቤቱ የቆየ ተማሪ ነው። በዚህ መስፈርት ከሦስተኛ ክፍል የተመረጠው የክፍል አለቃው ሆነ፤ ልጅቷ ገና አዲስ ናት ተባለ። የአሠራሩ ጀማሪ ጋሽ ገባችሁ ደግሞ ምክትል ሆኖ ይህንኑ ያስተባብራል። የሹመቱ ደብዳቤ ርዕሰ መምህሩ ፊት ተቀምጧል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

"ገባችሁ?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"አዎ" አልን። የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይጎላ ነበር፣ ልማድ ሆኖብኝ።

ከአዎው በኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ ለብቻው ቀረ።

"እኔ አልገባኝም።"

የጋሽ ገባችሁን ኮት ጫፍ ሳብ አደረግኩት። አልተቀመጠም።

"ምኑ ነው ያልገባህ?" አሉት።

"ነገ የማይገባኝን ነገር ዛሬ እንዴት አውቄ ነው የማስጸድቀው?"

ርዕሰ መምህሩ አንቀጹን ደግመው አነበቡለት። "ገባህ?" አሉት። "አልገባኝም።" ሦስተኛ አነበቡለት። "አልገባኝም።" ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና "ሕጉ ነዋ" አሉ። ጋሽ ገባችሁ ይህችን መልስ ከየት እንደሚያውቃት ፊቱ ላይ ይነበባል። ስብሰባው ተበተነ፣ ደብዳቤው ሳይፈረም ወደ መሳቢያ ተመለሰ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ትምህርት ቤት ግን የሚቀረው በመናገር ነው። ወንበሯን የወሰዳት የስፖርት መምህሩ ነው፤ እሱ ጥያቄው ሳያልቅ አዎ ይላል።

የጋሽ ገባችሁ ባለቤት ለጥቂት ቀን አኮረፈች። ከዚያ ትራሷን ራሷ ይዛ መጥታ ሦስተኛ ክፍል ያለው የእንጨት ወንበር ላይ አስቀመጠችለት። ልጅቷ አሁን የለችም፣ አባቷን ደግሞ አዛወሩት። ጋሽ ገባችሁ ግን ክፍልፋይ ሲያስተምር ዳቦና ቢላ ይዞ ይገባል። ገባችሁ ማለቱን አልተወም፤ ብሎ ግን ይጠብቃል። በዚያ ግድግዳ አሁን ከየአቅጣጫው "ቲቸር አልገባኝም" ነው የሚመጣው፣ እኔም ማስተማር ተቸግሬያለሁ። ባለጥብጣቡ ጠያቂ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

እኛስ? እኛማ ስብሰባ ሊሆን ሲል በዋዜማው አንድ በአንድ ወደ ሦስተኛ ክፍል ብቅ እንላለን። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ትመጣለች። የሳይንስ መምህሩ ይመጣል። ያ የስፖርት መምህር እንኳ ምክትል ከሆነ በኋላ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አይቶ ይገባል። "ነገ ይሄን ጠይቅልን ጋሼ።" ባለፈው ሳምንት እኔም ሄድኩ። ሰሌዳውን እያጠፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"አንቺስ ለምን አትጠይቂም?" አለኝ። "ታፍሪያለሽ?"

"አዎ" አልኩት።

"ነገ እኔ አልኖርም" አለኝ። "ርዕሰ መምህሩ በስብሰባው ሰዓት አበባዎቹን አጠጣ ብለውኛል። ለማንም የማይሰጥ ኃላፊነት ነው አሉኝ።"

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አዲስ መመሪያ አነበቡ። ረጅም ነበር፤ አንድም ቃል አልገባኝም፣ አጠገቤ ያሉትም እንዳልገባቸው ከአተነፋፈሳቸው አውቄያለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጠፉና "ገባችሁ?" አሉ። ሁላችንም በመስኮቱ፣ ባልዲ ይዞ አበባው መሐል ያጎነበሰውን ሰውዬ እያየን፣ "አዎ" አልን።