ላሊሴ የረሳችው የኖላዊ ታሪክ

ድንቅቱ አግብታ ሱሉልታ ስትገባ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ቡራዩ ውስጥ የሶፋ ልብስ ስትሰፋ ነው የኖረችው። ባሏ ሌንጮ የድርቆሽ ነጋዴ ነው፤ የሱሉልታን ሣር በአይሱዙ እያስጫነ ሰበታና አዲስ አበባ ላሉ ከብት አርቢዎች ያደርሳል። ከእሱ ጋር ሁለት ልጆችም ጠበቋት፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ ላሊሴና የስድስት ዓመቱ ኢቲቻ። እናታቸው ሶያማ በድንገተኛ ሕመም ካረፈች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

ኢቲቻ አላስቸገራትም። ሳምንት ሳይሞላው ጭኗ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። ላሊሴም ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። የታዘዘችውን ትሠራለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ ከዚያ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ድንቅቱን የከበዳት ይኸው ጨዋነቷ ነበር።

የነቢያት ጾም እንደገባ፣ ከአጥር ማዶ ሱቅ ያላት ራቢአ ሶያማ በዚህ ጾም ታደርግ የነበረውን አጫወተቻት። ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች፣ ስብከትን፣ ብርሃንን፣ ኖላዊን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቿን ሰብስባ በቤቷ ታከብራቸው ነበር። በስብከት ስለ ነቢያት ታወራቸዋለች፤ በብርሃን ጧፍ ታበራለች፤ በኖላዊ የጠፋችውን በግ ፍለጋ የወጣውን የቸሩን እረኛ ታሪክ ትነግራቸዋለች። ራቢአ ሱቋን ስትዘጋ የልጆቹን ሳቅ ትሰማ እንደነበር ነገረቻት። ሶያማ ከሞተች ወዲህ ግን በእነዚያ እሑዶች ያ ቤት ጸጥ ብሏል።

ድንቅቱ ጾሙን ከልጅነቷ ጀምሮ ጾማለች፤ ሦስቱን እሑዶች ግን የምታውቃቸው በቅዳሴ ብቻ ነው። ቢሆንም ልጆቹ ደስ ይላቸዋል ብላ አሰበች። የስብከት ዕለት ኢቲቻን ጋቢ አልብሳ ኢሳይያስ አደረገችው፤ እሱም ወንበር ላይ ወጥቶ ድንግል ትፀንሳለች እያለ ጮኸ። ላሊሴ እንደዚህ አይደለም አለችና ወጥታ ሄደች።

በሳምንቱ፣ በብርሃን እሑድ፣ ማታ መብራቱን አጥፍታ ጧፍ አበራች። "ብርሃንህንና እውነትህን ላክ" የሚለውን ቃል አስቀድማ አጥንታው ነበር። ለላሊሴ ጧፏን ስታቀብላት ልጅቷ መጀመሪያ የሚሰጠው ለትንሹ ነው አለችና እፍ ብላ አጠፋችው። ሌንጮ የጎማውን ነፋስ ልይ ብሎ ወደ ግቢ ወጣ። እሱ ስለ ሶያማ ሲናገር ድንቅቱ ሰምታው አታውቅም።

በማግስቱ ድንቅቱ ልብስ እያጠበች ሳለ ላሊሴ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"የኖላዊን እንዳትነግሪን።"

ድንቅቱ እጇን ከሳሙናው ውኃ አወጣች። "ለምን?"

"አንቺ ስትነግሪን የእሷ ይጠፋል።"

ድንቅቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ልጅቷም የምትሄድ መስላ ዞረችና መልሳ ቆመች። የበጓ ስም ዳለቻ እንደሆነ ታስታውሳለች። እረኛው ሌሎቹን ትቶ በጉም ውስጥ እየተጣራ መሄዱን፣ እናቷ ያንን ጥሪ በኦሮምኛ ስትጣራ ድምጿ ይቀጥን እንደነበር ታስታውሳለች። "የት እንዳገኛት ግን ጠፍቶብኛል" አለች። "ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፤ አይመጣልኝም።"

ልጅቷ የፈራችው የእናቷን ታሪክ ጨርሳ ማጣትን እንደሆነ ድንቅቱ ያኔ ገባት። ማታ ሌንጮን ጠየቀችው። እሱ በእነዚያ እሑዶች ጭነት ላይ እንደነበር፣ ታሪኩን አንድም ቀን ሙሉውን ሰምቶት እንደማያውቅ ነገራት። የሚያውቅ ካለ ጫንጮ ያሉት የሶያማ እናት፣ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ናቸው አለ። ሴትዮዋ ግን ሌንጮ ድንቅቱን ሲያገባ አልመጡም፤ ከዚያም ወዲህ ወደዚያ ቤት እግራቸው አልዞረም። ሌንጮ ሄደሽ ፊት ቢነሱሽስ ብሎ ሰጋ። ድንቅቱ ከነሱኝ እመለሳለሁ አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ልጆች ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። የሱሉልታ ሜዳ በውርጭ ነጥቷል፤ ኢቲቻ መስታወቱን በትንፋሹ እያደበዘዘ ሥዕል ይሥልበት ነበር። 

ወይዘሮ ጥሩዬ ግቢያቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ገብስ ሲያበጥሩ አገኟቸው። ሰፌዱን አስቀምጠው ልጆቹን አገላብጠው ሳሙ፤ በኦሮምኛ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ትምህርታቸው ጠየቁ። ለድንቅቱ እጃቸውን ብቻ ሰጧት። እሷም ያመጣችውን ስኳርና ሳሙና በር ላይ አስቀምጣ ቆማ ተናገረች።

"እማማ፣ የመጣነው ሶያማ ለልጆቿ ትነግራቸው የነበረውን የኖላዊን ታሪክ ፍለጋ ነው። ላሊሴ መጨረሻው ጠፋባት። እኔ የራሴን ልተካበት አልፈልግም።"

አሮጊቷ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ከዚያ ላሊሴን እስቲ የምታውቂውን ንገሪኝ አሏት። ላሊሴ ጀመረች፤ የበጓን ስም ስትጠራ ወይዘሮ ጥሩዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ።

"ዳለቻ የእኛ በግ ነበረች እኮ" አሉ።

ይህን ታሪክ እሳቸው ለሶያማ ነግረዋት አያውቁም። ሶያማ ራሷ ያየችውን ነበር ለልጆቿ የምትነግራቸው። ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ቀን ጉም ወርዶ ዳለቻ ጠፋች። አባቷ ቦሩ ጎረቤቶቹ ጅብ በልቷታል ሲሉት እንቢ ብሎ ፍለጋ ወጣ፤ ሶያማም እያለቀሰች ተከተለችው። በማግስቱ፣ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ከነበረ ጉድጓድ ውስጥ፣ እግሯ ተሰብሮ አገኟት። ቦሩ ትከሻው ላይ አድርጎ ቤት ድረስ ተሸክሟት መጣ።

"ጉድጓዱ አሁንም አለ?" አለች ላሊሴ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ቦታው ከግቢው ብዙ አይርቅም። ቁልቁለቱ ላይ አሮጊቷ እግራቸው ሲከዳቸው የድንቅቱን ክንድ ያዙ፤ ሜዳ ላይ ከደረሱም በኋላ አልለቀቁም። ጉድጓዱ ዳርና ዳሩ ሣር በቅሎበታል። ላሊሴ ወርዳ መሐሉ ላይ ቆመችና ድንጋዩን በእጇ እየዳበሰች ቆየች። ኢቲቻ በጓ የት ጋ ተኝታ ነበር እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም ቦታውን መርጣ አሳየችው።

ወይዘሮ ጥሩዬ ከላይ ሆነው እያዩ፣ ልጅቷ በደንብ ትበላለች ወይ ብለው ጠየቁ። ድንቅቱ ትበላለች ብላ መለሰች። ሴትዮዋ ትንሽ ቆይተው፣ "ወደዚያ ቤት የማልመጣው አንቺን ጠልቼ አይደለም" አሏት። "ስገባ እሷን ስለማጣት ነው።"

 ድንቅቱ ክንዷ ላይ ያረፈውን እጃቸውን አጥብቃ ያዘችው።

በማግስቱ ኖላዊ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ላሊሴ ፍራሽ ዘርግታ ሁሉንም አስቀመጠች። ሌንጮም የዚያን ዕለት ጭነቱን ትቶ ከኢቲቻ አጠገብ ተቀመጠ። ላሊሴ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ተረከች፤ እረኛው በጉም ውስጥ ሲጣራ ድምጿን አቀጠነችው። ጌታም እንደዚያ ነው የሚፈልገን፣ እናቴ እንዲህ ትል ነበር አለች። እረኛው ዳለቻን ትከሻው ላይ ሲያደርጋት ሌንጮ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ኢቲቻ አባዬ ለምን ታለቅሳለህ ሲለው እናታችሁን አስታውሼ ነው አለው፤ ልጆቹም እናታቸው ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ሲናገር ሲሰሙት ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ስለ ሶያማ ብዙ አወራቸው፤ ድንቅቱም አብራ አዳመጠች።

ወይዘሮ ጥሩዬ ለገና መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ዓይናቸውን ጠረጉና ገቡ።

ይህ የሆነው አምና ነው፤ ዘንድሮ እሑዶቹን ተከፋፍለዋቸዋል። ኖላዊ የላሊሴ ነው፤ ብርሃንን ኢቲቻ እኔ ካልያዝኩ ብሏል። ስብከት ያንቺ ይሁን ብላ ለድንቅቱ የሰጠቻት ላሊሴ ናት። ድንቅቱ ካሁኑ ትንቢተ ኤርምያስን ማንበብ ጀምራለች። ዕቃ ልትገዛ ራቢአ ሱቅ ቆማ ነቢዩን የጣሉበት ጉድጓድ ጭቃ ብቻ እንደነበረበት ስትነግራት፣ ራቢአ መጨረሻውን ሳልሰማ ሒሳብ አልቀበልም ብላ ያዘቻት።