የአምባሪቾ ፎቶና የዕድሩ ልብ

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ለምርጫ ቀርቤያለሁ። የመጀመሪያው የዕድር ነበር።

እዚህ ጆሃንስበርግ የአገር ልጆች ሆነን ያቋቋምነው ዕድር አለን። የድሮው ዳኛ ደከመኝ ሲል እኔ ልሁን አልኩ። ጀርሚስተን ብርድ ልብስና መጋረጃ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መጣላት እንጂ መስረቅ አላውቅም። እጅ አውጡ ተባለ። እኔ የማየው የአንድ ሰው እጅ ነበር። ዱራሜ አብረን ያደግን፣ እዚህ አገርም ተከታትለን የገባን፣ ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው ጓደኛዬ። እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ምነው ቢሉት፣ «ወንድሜ ነው፤ ግን ግትር ነው። ዕድሩን ይበትነዋል» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ብዙዎቹም እሱን ተከተሉ፤ ሳልመረጥ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገርኩትም። ግትር ካለኝ ግትር ልሁንለት ብዬ። ሰርግ ላይ ስንገናኝ ወንበር ቀየርኩ፤ ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ድንኳኑን በሌላ በኩል ዞርኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። እሱ አንድ ቀን መጥቶ ተሳስቻለሁ እንደሚለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አልመጣም።

ከዚያ በሽታው መጣና መንግሥት ከቤት አትውጡ አለ። ያኔ ሱቁን ትቼ ቤሪያ ሰፈር ከልጄ ጋር እኖር ነበር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ የቆየ ሕንፃ። ልጄ በሕፃንነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ተምራ ቢሮ የምትሠራ ናት። ቢሮው ሲዘጋ የምግብ ጠረጴዛችን ቢሮ ሆነ። አማርኛ ትናገራለች፣ ፊደሉን ግን አትቆጥርም። እኔ ደግሞ ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለቆጠርኩ እየተንተባተብኩ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛው ግን አይገባኝም። ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ይወጣናል።

መንገዱ ላይ ወታደር ነው። ታክሲ የለም። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ካገኘሁት ሁሉ ጋር እጣላለሁ። ልጄ ወርጄ እንዳልጠፋ ሰጋች መሰለኝ፣ አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝና ተራራ የሚወጡ ሰዎች ፎቶ የሚለጥፉበትን ማኅበር አሳየችኝ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው። እነሱም እንደ እኔ ቤት ተዘግቶባቸው የድሮ ፎቶ ያወጣሉ። ከፎቶው ሥር ትንሽ ልብ አለች፤ የወደደ ይጫናታል። በየሳምንቱ ዓርብ ብዙ ልብ ያገኘው የሳምንቱ ተራራ ይባላል።

እኔ ወዲያው ዳኛ ሆንኩ። አንዱ ጢማም ሰውዬ በገመድ ታስሮ ገደል ላይ ተንጠልጥሏል። ልጄን ጠርቼ ይኼ ሰው ነው ወይስ ወይፈን አልኳት። ሌላው ድንኳኑን አለት ላይ ተክሎ ምን ያህል ከፍ ያለ ቦታ እንደደረሰ ጽፏል፤ እሷ ተረጎመችልኝ። እኛ ጋ በዚህ ከፍታ ላይ ሰው እንሰት ተክሎ፣ ልጅ ወልዶ ይኖራል አልኩ። በሁሉም ላይ እንዲህ ስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሰለቻትና፣ «እሺ አባዬ፣ እንግዲያው የአንተን እናስገባ» አለችኝ።

የእኔ ያለችው ግድግዳ ላይ የነበረውን ነው። አምባሪቾ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ዱላ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ከኋላዬ ደመና ተኝቶ የሚታይበት ፎቶ። ገና ጢም ሳላበቅል የተነሳሁት። ያነሳኝ ያ ጓደኛዬ ነው፤ ዱራሜ ከነበረ ፎቶ አንሺ ካሜራ ተውሶ። ፀሐይ ከጀርባው ስለነበረች ጥላው ረዝሞ እግሬ ሥር ድረስ መጥቷል። ከተጣላን በኋላ የፎቶውን ግርጌ አጥፌ ጥላውን ከፍሬሙ ውጭ አድርጌው ነበር። ልጄ ይህን አታውቅም። ከፍሬሙ አውጥታ ዘረጋችውና፣ እጥፋቱ እንደታየ፣ ጥላውም እንዳለ ለጠፈችው።

እስከ ማግስቱ ድረስ ከእሷና ከቢሮዋ ሰዎች በቀር ልብ የሰጠኝ የለም። ባለገመዱ ሰውዬ ቀድሞናል። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ እልህ ያዘኝ። ሰው አምጪ አልኳት። አሰበች አሰበችና የዕድሩ የዋትሳፕ ቡድን ትዝ አላት። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ቡድኑ ውስጥ በእኔ ፈንታ የገባችው እሷ ናት። በሽታው ከገባ ወዲህ ሞት ብቻ ስለሚወራበት ድምፁን ዘግታ ከፍታውም አታውቅ። ፎቶውን ከማኅበሩ መግቢያ ሊንክ ጋር ላከችና በእንግሊዝ ፊደል እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ይህ አባቴ ነው፣ እባካችሁ እየገባችሁ ልብ ተጫኑለት፣ እስከ ዓርብ ነው።

ምሳ በልተን ሳንነሳ ልቡ ጀመረ። እሳት እንደበዛበት ወተት ነበር የሚወጣው። ባለገመዱን ስናልፈው አፌን ያዝኩ። በደስታ አይደለም፣ በድንጋጤ ነው። እነዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡብኝ ሰዎች እንዲህ ይወዱኛል? ለልጄ ስለ ሕዝብና ስለ ጊዜ ረጅም ንግግር አደረግሁላት። ስብሰባ ላይ ስለነበረች በእጇ ዝም በል አለችኝ።

ከዚያ ሻማ መጣ። ከፎቶው ሥር ሻማ፣ የተገጣጠሙ እጆች፣ እንደገና ሻማ። ልጄ የልደትህ ቀን መስሏቸው ይሆናል አለች። የውጭዎቹም ተከተሉ። አንዱ ተራራ ወጪ ከከፍታዎች ሁሉ ከፍ ወዳለው ወጥቷል ብሎ መጻፉን ነገረችኝ። ይኼ እንኳ አምባሪቾን ያውቀዋል አልኩ፣ ደስ ብሎኝ። ከዕድሩ አንዲት ሴት ለልጄ ደውላ እያለቀሰች፣ በርቺ የኔ ልጅ፣ ሁላችንም አለንልሽ አለቻት። ልጄም በሁለት ስብሰባ መሃል ስለነበረች፣ በጣም እናመሰግናለን፣ እስከ ዓርብ ብቻ ነው ብላ ዘጋች። ከዚያ ወደኔ ዞራ የናንተ ሰዎች ምርጫ ላይ ሲያለቅሱ ገና ማየቴ ነው አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ እዚህ በአማርኛ የተጻፈ አለ፣ አንተው አንብበው ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። አንድ አንድ ፊደል እየያዝኩ ሄድኩ። ነፍስ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ይማር ይላል። ነፍስ ይማር። ከሥሩ ያለው፣ ግትር ቢሆንም ደግ ነበር ይላል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ምነው ሳንሰናበትህ ይላል። እጄ ሳላውቀው የደም ሥሬን ይዞ ነበር።

«ምን ይላል?» አለች ልጄ።

«ሞቻለሁ» አልኳት።

የዕድሩን ቡድን ከፈተችው። የዕድሩ ጸሐፊ የድምፅ መልእክት እዚያ ተቀምጧል፤ ከተላከ ሰንብቷል። ለለቅሶ መሰብሰብ ስለተከለከለ፣ ከእንግዲህ የሟች ፎቶ ሲላክ እያንዳንዱ ቤት ልብ ይጫን፤ ያልተጫነ ለቅሶ እንዳልደረሰ ይቆጠራል ይላል። ሰዉ ያደረገው ይህንኑ ነው። የወጣትነት ፎቶ ተላከ፣ አባቴ ነው ተባለ፣ ልብ ተጫኑ ተባለ። ሌላ ምን ይጠይቃል? የእኔ ስልክ ላይስ ለምን ይደውላሉ? የሟች ስልክ ላይ ማን ይደውላል? የተራራው ማኅበር ሳይመዘገቡ ልብ ስለማያስነካ ዕድሩ በሙሉ፣ ስኳርና ጉልበት ያለባቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ፣ ተራራ ወጪ ሆነው ተመዝግበዋል። የትኛውን ተራራ ወጥተዋል የሚል ጥያቄ አለ። አንዷ ቤሪያ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ በደረጃ ብላ ሞልታለች።

ልጄ በሕይወት አለ ብላ ልትጽፍ ስትል ክንዷን ያዝኩ።

«ቆይ» አልኳት። «የእሱን አሳዪኝ።»

ማንን እንዳልኩ ታውቃለች። ልብ የሰጡትን እያወረደች እያወረደች ሄደች። ከስሙ አጠገብ ባለች ትንሽ ፎቶ ባርኔጣውን አየሁት። ከስፓዛው ፍሪጅ ፊት ቆሞ የተነሳው፣ ያ ፊት። ልቡን ተጭኗል። ከሥሩ ሁለት ቃል ጽፏል፣ እነሱን ሳልንተባተብ ነው ያነበብኳቸው። አብረን ወጣነው።

ምን ልበላችሁ። በቁሜ የነፈገኝን ሞቼ ሰጠኝ። መሞቴን ከማንበቤ ይልቅ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ልናደድ ፈለግሁ፣ ንዴቱ አልመጣ አለ። ልጄ ደውልለት አባዬ፣ ሰውዬው አዝኗል አለችኝ። እሱ ይደውል አልኩ። ለሞተ ሰው እንዴት ይደውላል አለችኝ። እሷ ለቡድኑ ጻፈች። እኔ ቁልፍ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግማሹን ነክቼ አጠፋሁት። እንደገና ግማሹን ነክቼ አጠፋሁት።

ያን ጊዜ የበሩ ዘበኛ ከታች ደወለ። ምኩሉ አለኝ፣ አያቴ ማለት ነው ሱቅ ሳለሁ በለመድኩት በነሱ ቋንቋ፣ አንድ ሽማግሌ እዚህ ቆሞ ያለቅሳል፣ ለቀብር ነው የመጣሁት ይላል፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ የሞተ የለም። እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው፤ ምን ልበለው?

በረንዳ ወጣሁ። በዚያን ሰሞን ሰውን ለመጠየቅ መሄድ አይፈቀድም፣ ለቀብር ግን ይፈቀድ ነበር። በቁሜ ቢሆን ከዳቬይተን እዚህ አይደርስም ነበር። ነጠላውን አዘቅዝቋል። አፉና አፍንጫው ተሸፍኗል፣ እግሩ ሥር ዳቦ በላስቲክ፣ ለስላሳ በሳጥን። ሸምግሏል። አንገቱ ቀጥኗል። ድንኳኑን ስዞርበት ይህን ሁሉ አላየሁም።

«አንተ» አልኩት።

ቀና አለ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አየኝ። ዘበኛው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

«ማነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተማ ሞተሃል።»

«አልሞትኩም። የፎቶ ውድድር ላይ ነኝ።»

የለስላሳው ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይሳቅ ያልቅስ ከአራተኛ ፎቅ አይለይም። የጎረቤት በረንዳዎች ሞሉ። ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ከባድ መሆኑ ገብቷቸዋል። እኔም ደግ ነገር መናገር ሲገባኝ ከአፌ የወጣው የቆየው ነው።

«ያን ቀን እጅህን ብታወጣ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ተነሳ። ነጠላውን ትከሻው ላይ መለሰ።

«ዛሬም አላወጣም» አለ። «ግትር ነህ። ሞተሃል ስትባል እንኳ አልሞትኩም የምትል ሰው ነህ።»

ሳቅኩ። ከበሽታው ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም፤ በረንዳውን ይዤ ነው የሳቅኩት። እሱም አፉን የሸፈነውን አወረደና ሳቀ፣ ዘበኛው ተቆጥቶ እንዲሸፍን እስኪያደርገው ድረስ። ከዚያ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ፣ «ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጥላዬ አለበት» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ከዚያ ሌላ ይቅርታ አልተባባልንም።

መግባት ስለማይችል ልጄ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታች። ለለቅሶዬ የመጣውን ዳቦ ከታች አሰረው፣ እኔ ከላይ ሳብኩት። ዱራሜ እንደለመደው ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ ግራ እያለ ያዘኛል። ለስላሳውን አልላከም። ለስላሳ ለሟች አይረባም ብሎ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለዘበኛው ከፈተ።

ለማኅበሩ አለመሞቴን፣ ፎቶውንም ያነሳው ጓደኛዬ መሆኑን እንድትጽፍ ልጄን አዘዝኳት። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ። ልቡ መውረድ ጀመረ። በቁም ያለ ሰው ላይ የለቅሶ ልብ መተው ሟርት ነው ብሎ ዕድሩ በሙሉ እየገባ አነሳው። ከሞት የተነሳ ሰው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ የውጭዎቹም ሻማቸውን ይዘው ሄዱ። ዓርብ ባለገመዱ ሰውዬ ተመረጠ።

በመጨረሻ የቀሩልኝ የልጄና የቢሮዋ ሰዎች ናቸው፣ እና ያ ባርኔጣ። ደውዬ ጠየቅሁት፣ አሁን እኔ ነኝ የምደውለው። ለምን አላነሳኸውም አልኩት። እንዴት እንደሚነሳ አላውቅበትም አለኝ።

ዳቬይተን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስልኩ ሲበላሽ የሚያሠራው እሱ ጋ ነው። እንግዲህ አላውቅም ካለ አያውቅም።