ከጋራዥ ሴል የተገዙት ቅድመ አያት

ዙበይዳ ውሸታም አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ስትገፋ ስንት የተረሳ ቦርሳ ለባለቤቱ የመለሰች የወሎ ልጅ ናት። ያቺን አንዲት ውሸት ያስዋሻት የሳሎኗ ባዶ ግድግዳ ነው። ፈረንጅ አገር፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቿ አያቶቻቸውን በፍሬም ሰቅለዋል፤ የእሷ ዘር ግን ካሜራ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2006 አንድ ቅዳሜ፣ ኧርቪንግ ከተማ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ በሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ አየች። ነጭ ጢም ያላቸው፣ ዓይናቸው የሚቆጣ ሽማግሌ። ፎቶው ከማርጀቱ የተነሳ ቡናማ ሆኗል፤ ሰውየው ፈረንጅ ይሁኑ ሐበሻ አይለይም። «አቤት ግርማ ሞገስ!» አለችና ገዝታ ሰቀለቻቸው።

«ማናቸው?» አለች ልጇ ኢክላስ፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ።

«የአያቴ አባት። እንግሊዝ መቅደላን ሲያቃጥል በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ያመለጡት።»

«ነጭ ይመስላሉ እኮ።»

«ቀይ ነበሩ። ወላሂ እሳቸው ናቸው!»

ታዝለው ማምለጣቸው እውነት ነው፤ ከአያቷ አፍ የሰማችው። ውሸቱ ፎቶው ብቻ ነው። ደግሞ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት «ቻው አባባ» ብላቸው ስትወጣ ማን ልቡ ይጨክናል? ዙበይዳ ራሷም ውሸቱን ረሳችው። በየዓረፋው መስታወቱን በሻርፗ ጫፍ እየወለወለች ዱዓ ታደርግላቸው ጀመር።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ? ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ግድግዳው ላይ ምስማር ብቻ ቀርቷል። ኢክላስ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስለ ፋሚሊዬ ፕረዘንት ላደርግ ክላስ ወስጄው ነበር» አለች። «ቲቸር ከፍሬሙ ስታወጣው ጀርባው ላይ ስም አለ። የንግሥት ቪክቶሪያ ሚኒስትር ነው፣ ማሚ። ያኔ የሚኒስትሮች ፎቶ ሱቅ ይሸጥ ነበር አለችኝ፤ ሰው እየገዛ ከቤተሰቡ ፎቶ ጋር አልበም ውስጥ ያደርገው ነበር።»

ዙበይዳ ክው አለች።

«መቅደላ ጦር ሲላክ መንግሥት ውስጥ ነበር። ከላኩት አንዱ ነው! እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ‹እንግሊዝ ቤታቸውን ያቃጠለባቸው አያቴ› አልኩ። እሱን እያሳየሁ!»

«ያ ረቢ!» ዙበይዳ ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። አፈረች፣ ደነገጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ዱዓ ያደረገችው እሳቱን ለላከው ሰውዬ ነው!

«ከየት አመጣሽው?»

«ከ... ከጋራዥ ሴል።»

ኢክላስ ፎቶውን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችው።

«የታዘለውስ ልጅ?» አለች ቀስ ብላ። «እሱንም ጋራዥ ሴል ነው ያገኘሽው?»

ዙበይዳ «ወላሂ፣ እሱስ እውነት ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ለፎቶውም ወላሂ ብላ ነበር።