በሰው ማሳ የተመረቀ እሸት

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር አንዲት ሴትዮ የባቄላ እሸት በእስር በእስሩ ደርድራ ስትሸጥ አገኘኋትና አንዱን ፍሬ በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ያ የረጠበ ሣር የሚመስል፣ መረር የሚል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የቆምኩበት ጠፋኝ። ከኋላዬ ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋብኝ ነው የነቃሁት።

ከአማኑኤል ከተማ ከፍ ብሎ ባለው መንደራችን፣ በእኛ ቤት እሸት ዝም ተብሎ አይበላም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ ባቄላው ሲደርስ መጀመሪያ አያቴ ማሳው ላይ ቆመው በገዛ እጃቸው ይቀጥፋሉ፤ ቀምሰው ይመርቃሉ። እኛ ልጆች እስከዚያ ምራቃችንን እየዋጥን እንጠብቃለን። ምርቃታቸው ይደርሳል እየተባለ የመንደሩም ሰው ለየማሳው ይጠራቸው ነበር። የማይረግጡት የአንድ ሰው ማሳ ብቻ ነው፤ ከእኛው ጋር የሚዋሰነው የሽማግሌው ጎረቤታችን ማሳ። ሁለቱ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ሰሞን የተዳሩ ባልንጀሮች ነበሩ። አንድ ዓመት ጎረቤታችን ሲያርሱ ወሰን ገፉ ተባለ፤ የተገፋችው አንድ ክንድ የማትሞላ መሬት ናት። አስታራቂ ቢላክ እንደሄደ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከከተማ በተመለስኩበት መስከረም አያቴ ደክመው አገኘኋቸው። ክረምቱን ሙሉ ጉልበታቸው ከቤት አላወጣቸውም፤ ዓይናቸውም ፈዟል። አባቴ እሸቱን ቀጥፌ ላምጣልዎ ቢላቸው፣ ቤት ድረስ የሚመጣ እሸት ለበሽተኛ ነው ብለው ተቆጡ። እሱ ሲወጣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዘንድሮ ካላየሁት ሁለተኛ አላየውም፣ ልጄ።"

እጃቸውን ይዤ ወጣሁ። ያ ጠዋት ሕልም ይሁን እውን አንዳንዴ ይምታታብኛል። ጤዛው ገና አልረገፈም። ሜዳው ቢጫ ለብሷል፤ ከታች ጅረቱ ይሰማል፤ ከሩቅ የጨቅላ በግ ድምፅ ይመጣል። አያቴ እየቆሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። እኔም አብሬያቸው እጨፍናለሁ። የሚያስቸኩለን ነገር አልነበረም፤ እንዲያ ያለ እርጋታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ልምራዎ ስላቸው እግሬ ያውቀዋል አሉኝ። እግራቸው የሚያውቀውን መንገድ ግን ጎርፍ ቆርጦት ነበርና በላይ በኩል ዞረን ገባን። እኔ ከተማ የከረምኩ ሰው፣ ወሰኑን በወጉ አልለየውም፤ ግራ ቀኙ ሁሉ ባቄላ ነው። አያቴ ቆሙ። በእጃቸው ዳስሰው ቀጠፉ፤ ፈልፍለው በድዳቸው ቀስ ብለው አላመጡት። ፊታቸው በራ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው መረቁ።

"የዘራው እጅ አይዛል። ጎተራው አይጉደል። ለልጅ ልጁ ይትረፍ።"

"አሜን" አለ አንድ ሰው ከኋላችን።

ጎረቤታችን ናቸው፤ ማጭድ ይዘው ቆመዋል። አያቴ ድምፁን ለዩት፤ እጄን ሲጨብጡኝ ተሰማኝ።

"የቆምህበት የኔ ማሳ ነው" አሉ ጎረቤታችን፣ በቀስታ።

  በጣም ፈርቼ ይዣቸው ልመለስ ስል፣ "እንግዲህ መርቄያለሁ፤ ተፍቼ አልልስም" አሉ አያቴ።

ጎረቤታችን ማጭዱን መሬት ላይ ጥለው መጡና አያቴን በሌላው ክንዳቸው በኩል ደገፏቸው። ወደ እኛ ማሳ አሻገርናቸው። የእኛንም መርቀው ሲጨርሱ ሁለቱ ሽማግሎች ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሸት ሲፈለፍሉ ረፈደ። ስለ ወሰኑ አንድም ቃል አልተነሳም። ያወሩት ስለ ድሮ በሬዎቻቸው፣ በሠርጋቸው ሰሞን ስለጣለው ዝናብ ነው። አያቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ያን ሳቅ ብቻ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ።

አያቴ ባቄላው ሳይታጨድ አረፉ።

በዓመቱ ለመስቀል ስመጣ እሸቱን ማን ይመርቀው ተባለ፤ አባቴ ሄዶ ጎረቤታችንን ለመናቸው። መጡ። ቀጠፉ፤ ፈለፈሉ፤ ወደ አፋቸው ግን አላደረሱትም። የቤታችን ልጆች ዓይን ዓይናቸውን ያያሉ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ያችን ክንድ የማትሞላ መሬት ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ያን ሁሉ መስከረም የፈጀነው ለዚህች ነው?" አሉ አባቴን።

 ከዚያ የፈለፈሉትን ለልጆቹ አደሉና፣ ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።